በረሃ መሀል የውሃ ተራ

ገልፍ አገር የምንኖር ሐበሾች በረሃውን የምናውቀው በመኪና መስኮት ነው። ከቤት ኤሲ ወደ መኪና ኤሲ፣ ከመኪና ኤሲ ወደ ሞል ኤሲ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ያልቃል። ስለ አገሩ ብትጠይቁን የሞሎቹን ስም በተርታ እንደረድርላችኋለን፣ የዕለቱን የብር ምንዛሪም ስልክ ሳናይ እንነግራችኋለን። ሰዎቹ ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት ምን በልተው፣ ምን ጠጥተው፣ በምን ጥላ ሥር ተቀምጠው እዚህ እሳት ውስጥ እንደኖሩ ግን ጠይቆ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

አል አይን የምትባለው የኤምሬትስ የተምር እርሻ ከተማ የሄድኩት በጓደኛዬ ውትወታ ነው። ሰሜን ወሎ ገበሬ ቤት ተወልዳ ያደገች ናት፣ አፈር ካልረገጠች ያማታል። ረመዳን ሲቃረብ ሱቅ ውስጥ የተምር ካርቶን እስከ ጣሪያ ተቆልሎ አየችና «አንቺ፣ ይሄ ሁሉ ተምር ከየት ነው የሚመጣው?» አለችኝ። «ከመጋዘን» አልኳት። እንደ እብድ አየችኝ። የዕረፍት ቀናችን የገጠመ ዕለት ከአቡ ዳቢ አውቶቡስ ተሳፈርን።

መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ወደ አል አይን ስትቃረቡ አሸዋው እየቀላ ይሄዳል፣ ከዚያ ጀበል ሐፊት የሚባለው ተራራ ብቅ ይላል። ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከላይ እስከ ታች ራቁቱን የቆመ ድንጋይ። ጓደኛዬ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ «ይሄ ተራራ ምን በድሎ ነው እንዲህ የተላጨው?» አለች። ተሳፋሪው አማርኛ የማይሰማ መስሏት ጮክ ብላ ነበር፣ ከኋላችን የተቀመጡ ሁለት ሐበሾች ሳቁ። የትም ብትሄዱ አለን።

ኦአሲሱ፣ በረሃ መሀል ውሃ የሚያለመልመው ቦታ ማለት ነው፣ ያለው ከተማው መሀል ነው። ከመኪና መንገዱ ወርዳችሁ በሩን ስታልፉ መጀመሪያ የሚገርማችሁ አየሩ ነው። ደጅ የነበረው ሙቀት በሩ ላይ የቀረ ይመስላል። ከ147,000 በላይ የተምር ዛፍ፣ ወደ 100 የሚጠጋ የተምር ዓይነት እንዳለበት ይነገራል። መናፈሻ እንዳይመስላችሁ፣ እርሻ ነው። ማሳው ሁሉ ባለቤት አለው፣ ከአባት ከአያት የወረደ። በማሳዎቹ መሀል በአጥር የታጠረ ጠባብ መንገድ ይጠማዘዛል፣ ጎብኚ የሚሄደው በእሱ ነው። መግቢያው በነፃ ነው።

አል አይን ከኦማን ድንበር ጋር ተጣብቃ ነው ያለችው። ከድንበሩ ወዲያ ቡረይሚ ነው። ድሮ ዘጠኝ መንደር የነበረው አካባቢ ሁሉ በአንድ ስም ይጠራ ነበር። በኋላ ድንበር ሲሰመር ስድስቱ ለአቡ ዳቢ፣ ሦስቱ ለኦማን ደረሱ። ዩኔስኮ የአል አይንን ኦአሲሶችና በዙሪያቸው ያሉትን ጥንታዊ ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቧቸዋል። ለዚህ ሁሉ ሰሌዳ ተተክሏል፣ እያነበባችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ጓደኛዬ ግን ለሰሌዳ ትዕግስት የላትም፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ማሳ ማሳውን ነው የምታየው።

ያየችውም ትክክለኛውን ነገር ነው። ማሳው ሦስት ፎቅ አለው። ከላይ ተምሩ፣ ፀሐዩን የሚቀበለው እሱ ነው። ከሥሩ ማንጎ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ በለስ፣ ሙዝ። ከእነሱ ሥር ደግሞ መሬት ለመሬት የከብት መኖና አትክልት። አረቦቹ ስለ ተምር ሲያወሩ እግሩ ውሃ ውስጥ፣ ራሱ እሳት ውስጥ ይላሉ። ላዩ ላይ ያለው እሳት እንዲያልፍ ስለማይፈቅድ ነው ሎሚው ከሥሩ የሚኖረው። ተምሩን ቁረጡትና ማንጎው በአንድ በጋ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ሰው ተምር የሚተክለው ለፍሬው ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ለጥላውም ጭምር ነው።

አንድ አጥር ሥር ጓደኛዬ ቀጥ ብላ ቆመች። «ቁርቁራ!» አለች። እውነትም ቁርቁራ። አረቦቹ ሲድር የሚሉት ዛፍ፣ ማሩን በውድ የሚሸጡት፣ የእኛው ቁርቁራ ነው። ፍሬው መንገዱ ላይ ተበትኗል፣ የሚያነሳው የለም። ሴትየዋ አጎንብሳ በሻርፗ መልቀም ጀመረች። አንድ የአውሮፓ ቱሪስት ቤተሰብ ቆሞ ያየናል፣ ልጃቸው የእሷን አይቶ ሊያነሳ ሲል እናትየው እጁን ያዘችው። ጓደኛዬ አንድ በጥርሷ ገምጣ እንዳልሞተች አሳየቻቸው። ልጁም በላ።

ሐጂን ያገኘነው እዚያው አካባቢ ነው። እውነተኛ ስሙን አልጠየቅኩትም፣ ጢሙ የነጣ ስለሆነ ሁለታችንም ሐጂ አልነው፣ እሱ ደግሞ «ሲስተር» አለን፣ በዚህ አገር ይሄ ይበቃል። ፓኪስታናዊ ነው፣ ከዴራ ኢስማኤል ኻን በኩል። የምናወራው በሦስታችንም የተሰባበረ አረብኛ ነው። ሰዋስው የለው፣ ግሥ የለው፣ ግን መግባባት ነው። «ሐበሺ?» አለን። አዎ አልን። «ሐበሺ ጉድ» አለ፣ እና የማሳውን በር ከፈተልን።

ወሩ የካቲት ነበር፣ የተምር አበባ የሚወጣበት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ አላየሁም።

ተምር ወንድና ሴት አለው። ወንዱ ዛፍ አበባ ብቻ ነው፣ አያፈራም። ሴቷ ታፈራለች፣ ግን የወንዱ ዱቄት ካልደረሳት ፍሬዋ ረብ የለውም። ተፈጥሮ ይሄንን ለንፋስ ነው የተወችው። ንፋስ ግን ዝም ብሎ አይሠራም፣ ብዙ ወንድ ይፈልጋል። አሁን ሂሳቡን አስቡት። ወንዱም ሴቷም እኩል ውሃ ይጠጣሉ። በረሃ መሀል ለማያፈራ ዛፍ ማን ውሃ ያጠጣል? ስለዚህ ሰዎቹ ከጥንት ጀምሮ ለ50 ሴት ዛፍ አንድ ወንድ ያህል ያስቀሩና የንፋሱን ሥራ በእጃቸው ይሠሩታል።

ሐጂ መጀመሪያ ወንዱ ዛፍ ላይ ወጣ። ከገመድ የተጎነጎነ ሰፊ ቀበቶ አለው፣ ወገቡንና ግንዱን አንድ ላይ ያስራል። ጀርባው ላይ የሚያርፈው ክፍል ሰፋ ብሎ የተሸመነ ነው፣ ሰው ወደ ኋላ ተደግፎ እንዲቆምበት። በባዶ እግሩ የተቆረጡትን የቅርንጫፍ ጉቶዎች እየረገጠ ትንሽ ይወጣል፣ ቀበቶውን ወደ ላይ ወርወር ያደርጋል፣ እንደገና ይወጣል። ላይ ደርሶ ገና ሊሰነጠቅ የደረሰ የአበባ ከረጢት በማጭድ ቆርጦ ወረወረልን። ጓደኛዬ አንስታ ከፈተችው። ውስጡ ነጭ ዘለላ ነው፣ ነካ ሲያደርጉት ዱቄቱ ቡን ይላል። ጥቁር ጃኬቴ ነጣ። ሐጂ ከላይ ሆኖ ጮኸብን፣ ከአረብኛው የያዝኩት «ፉሉስ! ፉሉስ!» የሚለውን ብቻ ነው። ገንዘብ ነው የምታራግፉት ማለቱ ነው።

ከዚያ ሴቷ ዛፍ። ላይኛው ላይ ያሉት ቅርንጫፎች ሥራቸው መርፌ የሚያህል ሳይሆን የብዕር እርዝማኔ ያለው እሾህ ነው፣ በፊት መልምሎታል። የሴቷን ዘለላ በጣቶቹ ፈልቀቅ አደረገ፣ ከወንዱ ዘለላ ጥቂት ጭራ ነቅሎ ቁልቁል ገልብጦ መሀሏ ሸጎጠ፣ በተምር ቅጠል ክር ሸብ አደረገው። አለቀ። ለአንድ ዘለላ ሥራው አንድ ደቂቃም አይፈጅ። ግን ዘለላዎቹ እኩል አይደርሱም፣ ዛሬ ይሄ ነገ ያ፣ ስለዚህ አንዱን ዛፍ በአንድ ሰሞን ደጋግሞ መውጣት አለበት። ጓደኛዬ አንጋጣ እያየች «ድንኳኑም ድግሱም በአንድ ሰው ትከሻ» አለች።

ግንዱ ሥር ትንንሽ ችግኞች በቅለዋል። ዘር ነው እንዳትሉ፣ የእናትየው ግልገሎች ናቸው። ከፍሬ ብትተክሉ ግማሹ ወንድ ይወጣል፣ የቀረውም ጣዕሙ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ግልገሉ ግን ቁርጥ እናቱን ነው። ዛሬ ኸላስ የምትሉት ተምር፣ ያ ማር የሚመስለው፣ ከአንዷ እናት ግልገል በግልገል እየተቆፈረ እየተተከለ የመጣ ነው። በዚህ አካባቢ ተምር መብላት አዲስ ነገር አይደለም። አቡ ዳቢ ደልማ ደሴት ላይ በቁፋሮ የተገኘ የተምር ፍሬ ዕድሜው ወደ 7,000 ዓመት ይጠጋል።

አሁን ወደ ውሃው።

በማሳው ጠርዝ ቦይ ያልፋል። ስፋቱ ክንድ ቢሆን ነው። ከቦዩ ወደ ማሳው የሚገባበት ቀዳዳ በጨርቅ በተጠቀለለ ድንጋይ ተወትፏል። ሐጂ ሰዓቱን አየ፣ ወርዶ ድንጋዩን ነቀለ፣ ያንኑ ድንጋይ ወደ ታች የሚወርደው ቦይ ላይ ወተፈው። ውሃው ዞረ። ከመጀመሪያው ዛፍ መደብ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። ጓደኛዬ ወዲያው ገባት። «የውሃ ተራ ነው!» አለች። «የእኛም አገር እንደዚሁ ነው እኮ!» በእነሱ አካባቢ የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍል የውሃ አባት የሚባል ሰው አለ። ገበሬው ራሱ ነው የሚመርጠው። ተራ የሰረቀን ይቀጣል፣ ቦይ ጠረጋ ያልወጣን ይቀጣል። አባቷ በሌሊት ተራ ፋኖስ ይዘው ሲወጡ ትከተላቸው እንደነበር ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ይሄን ያህል ዓመት ስንተዋወቅ አንድ ቀን አንስታው አታውቅም።

ሥርዓቱ ፈለጅ ይባላል። ተራራው ሥር፣ ያ የተላጨው ተራራ፣ ከዝናብ የሰረገ ውሃ መሬት ውስጥ አለ። ሰዎቹ እናት ጉድጓድ ቆፍረው ውሃውን ያገኙትና ከዚያ ጀምሮ ወደ መንደሩ በጣም ቀስ ብሎ የሚያዘቀዝቅ ዋሻ መሬት ውስጥ ለውስጥ ይቆፍራሉ፣ ኪሎ ሜትሮች። በየመካከሉ አየር እንዲገባና አፈሩ እንዲወጣ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ይሠራሉ። ውሃው በራሱ ክብደት ይመጣል። ሞተር የለ፣ በሬ የለ። መሬት ውስጥ ስለሚሄድ ደግሞ ፀሐይ አትጠጣውም። አል አይን ውስጥ ሂሊ በሚባለው ቦታ የተገኘ ፈለጅ 3,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል።

ቁፋሮው ከባድ ነው፣ አልክድም። እኔን የበለጠ የያዘኝ ግን ክፍፍሉ ነው። ድንበሩን ተሻግራችሁ ኦማን ብትገቡ ዛሬም 3,000 ገደማ ፈለጅ ይሠራል፣ ከእነሱ አምስቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። እዚያ የውሃ ድርሻ የሚለካው በሊትር ሳይሆን በጊዜ ነው፣ መለኪያዋ የግማሽ ሰዓት ፍሰት ናት። ቀን በተተከለ እንጨት ጥላ፣ ሌሊት በኮከብ መውጣትና መግባት ይቆጥሩ ነበር። ውሃው ብቅ የሚልበት የመጀመሪያው ቦታ ለሁሉም መጠጫ ነው፣ እዚያ ማንም አይከለከልም። ቀጥሎ መስጊድና መታጠቢያ፣ እርሻ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። የአንዳንዱ ድርሻ ውሃ ተሸጦ ቦዩ ይጠገንበታል። እንግዲህ ውሃ ባነሰ ቁጥር ሰው ይጣላል እንጂ ይስማማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ እዚህ ግን ሳይስማሙ አንድ ዛፍ አይቆምም። አንዱ ላይኛው ማሳ ያለ ሰው ድንጋዩን ከቦዩ ላይ ለአንድ ሳምንት አልነቅልም ቢል ታች ያለው ሁሉ አለቀለት።

ሁልጊዜ ፍትሐዊ ነበር ማለቴ አይደለም። አል አይን ውስጥ ውሃው በባለጠጋዎች እጅ ገብቶ ደሃው ገበሬ ይገዛ የነበረበት ጊዜ አለ። ሼኽ ዛይድ፣ በኋላ የኤምሬትስ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የዚህ አካባቢ አስተዳዳሪ ሆነው ሲመጡ ገንዘብ አልነበራቸውም፣ ነዳጁ ገና አልወጣም። የጀመሩት ከፈለጅ ነው። የተደፈኑትን ከሰው ጋር ወርደው አስጠረጉ፣ አዲስ አስቆፈሩ፣ የውሃ ሽያጩን አስቀርተው ውሃው በነፃ እንዲዳረስ አደረጉ። የዚህ አገር ሰዎች ስማቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው የሚለወጠው ስለ ዱባይ ፎቅ አይመስለኝም።

ታዲያ ዛሬ ያ ውሃ የት አለ? ሐጂን «ሞያ ሚን ጀበል?» አልኩት፣ ውሃው ከተራራው ነው ወይ ለማለት። ሳቀ። «አወል። አልሂን ማኪና» አለ። ድሮ እንጂ፣ አሁንማ በማሽን ነው። ከተማው አደገ፣ የፓምፕ ጉድጓዱ በዛ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ወረደ፣ ፈለጁ ራሱን ችሎ መፍሰስ አቃተው። አሁን ቦዩ ውስጥ የሚገባው ውሃ በፓምፕ የሚደገፍ ነው። ቦዩ ያው፣ ተራው ያው፣ ድንጋዩ ያው። ምንጩ ተቀየረ። ይሄ ያሳዝናል ወይስ ብልህነት ነው የሚለው ላይ እኔና ጓደኛዬ አልተስማማንም። እሷ «ዛፉ ቆሟል አይደል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ» ባይ ናት። እኔ ደግሞ 3,000 ዓመት ያለ መብራት የሠራ ነገር በኛ ዘመን መብራት ሲጠፋ የሚቆም መሆኑ አይዋጥልኝም።

ሌላም ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። ሰሌዳዎቹ ላይ ስለ ቅርስ፣ ስለ አያቶች ጥበብ ብዙ ተጽፏል። የተምር እርሻ ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ2019፣ የፈለጅ ዕውቀት ደግሞ በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብተዋል፣ ይገባቸዋልም። ግን ዛፉ ላይ ያለው ሰው ማነው? ማሳ ማሳውን ያየነው ፓኪስታናዊ፣ ባንግላዴሻዊ፣ ሕንዳዊ ነው። የሐጂ አገር ራሱ ተምር አብቃይ ነው፣ ቀበቶውን ማሰር ያስተማረው እዚህ ያለ ሰው ሳይሆን የገዛ አባቱ ነው። ልጆቹ ግን ዛፍ መውጣት አይችሉም። ትምህርት ቤት ናቸው፣ የሚከፈለው ከዚህ ነው። ጓደኛዬ ስንት እንደሚከፈለው ጠየቀችው (እሷ ሰው ደመወዝ መጠየቅ አታፍርም)፣ እሱ እሷን መልሶ ጠየቃት፣ ሁለቱም ተነጋገሩ። ሁለቱም ከንፈራቸውን መጠጡ። የኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ ደግ አደረጉ።

በሐምሌ ተመልሰን ሄድን። በሐምሌ አትሂዱ ይሏችኋል፣ ሙቀቱ ከ45 በላይ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ግን ሩጠብ የሚበላው ያኔ ነው። ተምር መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ቀጥሎ ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ ይጠነክራል፣ ከዚያ ከጫፉ ጀምሮ ይለሰልሳል፣ ያ ነው ሩጠብ። መጨረሻ ላይ ደርቆ እኛ ካርቶን ውስጥ የምናውቀው ተምር ይሆናል። በርሂ የሚባለውን ገና ቢጫ ሳለ ነው የሚበሉት፣ ቀጭ ይላል፣ ምላስ ይይዛል፣ መጨረሻው ላይ ይጣፍጣል። እኔ ወደድኩት። ጓደኛዬ ያልበሰለ በለስ ነው አለችና ተፋችው። ግማሹ ጠንካራ ግማሹ የለሰለሰው ኸላስ ላይ ግን ሁለታችንም ድምፃችን ጠፋ። ያንን ከበላችሁ በኋላ የካርቶኑን ስትበሉ ቅር ይላችኋል፣ አስጠንቅቄያለሁ።

ዘንባባ ለእኛ እንግዳ ዘር አይደለም። ለሆሳዕና ጣታችን ላይ የምናስረው፣ ራሳችን ላይ የምንጠመጥመው ዘንባባ የተምር የቅርብ ዘመድ ነው፣ አንድ ወገን ናቸው። ተምሩም ራሱ አፋር ውስጥ አሳይታና አፋምቦ አካባቢ አዋሽ ዳር ይበቅላል። መርካቶ በረመዳን የምናየው ግን አብዛኛው ከውጭ የገባ ነው። ጓደኛዬ ይሄን ስነግራት ወዲያው የንግድ ዕቅድ አወጣች፣ ግልገል በሻንጣ ይዞ መግባት ይቻላል ወይ እያለች። አይቻልም፣ ደግሞም አይገባም። የዘንባባ ግንድ ውስጡን የሚበላ ቀይ ጢንዚዛ አለ፣ ኤምሬትስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ዛፍ ከቦታ ቦታ ሲጓጓዝ አብሮ የሚጓዝ ነገር ነው። ሐጂ ግንድ ላይ ጆሮውን ለጥፎ የሚያዳምጠው እሱን ነው። በሥርዓቱ፣ በምርመራ ይግባ።

መሄድ ለምትፈልጉ፤ ከአቡ ዳቢም ከዱባይም አውቶቡስ አለ። ለሥራው ከሆነ በየካቲት፣ ለአፋችሁ ከሆነ በሐምሌ ሂዱ፣ በሐምሌ ከሆነ ግን በጠዋት ግቡ። አጥር አትሻገሩ፣ የሰው ማሳ ነው፣ ሰላም ብላችሁ ከቆማችሁ የሚያስገባችሁ አይጠፋም። ተምር መግዛት ከፈለጋችሁ የከተማው የተምር ገበያ ሂዱና ኸላስ ስጡን በሉ፣ የዘንድሮ መሆኑን ጠይቁ። ነጋዴው የሚዘረጋላችሁን ሁሉ ቅመሱ፣ ቀምሶ ሳይገዙ መሄድ እዚያ ነውር አይደለም።